በውባንቺ ደብተር ውስጥ የታሸገው ገጼ

ሲኤምሲ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በአንድ ፋርማሲና በአንድ ልብስ ስፌት ቤት መካከል የተጨመቀች ጠባብ ሱቅ አለች። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ኢሜይል እንከፍታለን» ይላል። ባለቤቷ ውባንቺ ናት፤ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ፣ ሰው እያነጋገረች እንኳ ጣቶቿ የማያርፉ ሴት። ቦሌ ለሚ ፋብሪካ ለመቀጠር ማመልከቻ የሚያስጽፉ ልጃገረዶች፣ የፓስፖርት ቀጠሮ የሚያስይዙ አባወራዎች፣ ወረዳ አቤቱታ ያለን ጡረተኞች፣ ሁላችንም እሷ ዘንድ እንሄዳለን። ኢሜይል ለሌለው ትከፍትለታለች፤ የይለፍ ቃሉንም ራሷ ታወጣለታለች። የእኔንም የዛሬ ሰባት ዓመት የከፈተችልኝ እሷ ናት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ጠየቅኳት። «ውባንቺ፣ ይኼ ነገር ማንም የማያየው መጻፊያ አለው?»

«ለማን የሚላክ ነው ጋሼ?»

«ለማንም።»

«እንደ ደብዳቤ ይጻፉና ‹ላክ› የሚለውን ሳይነኩ ይዝጉት። ረቂቅ ሆኖ እዚያው ይቀመጥልዎታል።»

ከወጣትነቴ ጀምሮ የዕለት ማስታወሻ በደብተር የምይዝ ሰው ነበርኩ። ባለቤቴ ስትታመም ግን ደብተር ፈራሁ። ቤት ውስጥ ያለ ደብተር አንድ ቀን ፍራሽ ሲገለበጥ መገኘቱ አይቀርም። ሦስት ዓመት ሳስታምማት የጻፍኩት ሁሉ ያልተላከ ደብዳቤ ሆኖ ስልኬ ውስጥ ተጠራቀመ። ብዙው ተራ ነገር ነው፤ የመድኃኒት ሰዓት፣ የበላችው፣ የተወችው። አንዳንዱ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን «ቶሎ ባለቀና በተገላገልኩ» ብዬ ጽፌያለሁ። የእሷን ሥቃይ አስቤ አልነበረም፤ ራሴን ነበር ያሰብኩት።

ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። አሁን አብራኝ የምትኖረው ልጃችን ሀይሚ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል ትሠራለች። የእናቷ ስም ሲነሳ እስከ ዛሬ ድምፅዋ ይሰበራል።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ መንገድ ዳር ቆሜ ስልክ ሳነሳ ሁለት ሰዎች በሞተር ብስክሌት ተጠጉኝና ስልኩን ከጆሮዬ ላይ መንትፈውኝ ሄዱ። ስልኩ መቆለፊያ አልነበረውም። በከፈትኩት ቁጥር የምስጢር ቁጥር መነካካት ሰልችቶኝ ያስጠፋሁት እኔው ነበርኩ።

ሀይሚ ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት።

«አንተን አልነኩህም አይደል? ዋናው እሱ ነው፤ ስልኩስ ይሂድ። ግን አባዬ፣ ኢሜይልህ ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ ያነበዋል። ፓስወርድህን ንገረኝ፣ አሁኑኑ ሎግ አውት ላድርገው።»

«እኔ ጋ የለም። ውባንቺ ናት የያዘችው።»

«የትኛዋ? የፎቶ ኮፒዋ?» ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ተቆጣች። «ሰባት ዓመት ሙሉ? ዩኒቨርሲቲ የጨረስክ ሰውዬ! ሰው ፓስወርዱን ፎቶ ኮፒ ቤት ያስቀምጣል? ይኼኔ ሁሉንም አንብባ ጨርሳዋለች።»

«የሚነበብ ነገር የለበትም።»

«እንግዲያው ምን ያስፈራሃል? ነገ ከሥራ ስወጣ በዚያው ሄጄ እቀበላታለሁ። እኔ አስተካክልልሃለሁ።»

ሌባው ቢያነበው አያውቀኝም። ሀይሚ ብታነበው ግን አባቷን ታጣለች። ውባንቺስ? ይህ ጥያቄ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አእምሮዬ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር። የባለቤቴ ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ለእንግዳ ውሃ ስታመላልስ የነበረችው ይህች ሴት፣ ያን ጊዜ ቀና ብላ ስታየኝ ምን እያሰበች ነበር?

በማግስቱ በጠዋት መታወቂያዬን አሳይቼ ለጠፋው ሲም ካርድ ምትክ አወጣሁ፤ አንድ አሮጌ ስልክ ውስጥ ከትቼው ሱቋ ደረስኩ።

«ጋሽ ቢተው! ሰማሁ እኮ። እንኳን በስልክ አለፈ!»

የመጣሁበትን ስነግራት መሳቢያዋን ከፈተችና ጠንካራ ልባስ ያለው ትልቅ ደብተር አወጣች። እንዲህ ያለ ደብተር አይቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ቅጠል ለሁለት ታጥፎ ጠርዙ በስቴፕለር ተመቷል፤ ከላይ ስም ብቻ ይነበባል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የሰፈሩ ፓስወርድ ነዋ! ባለቤቱ ሲመጣ ዓይኑ እያየ እከፍተዋለሁ፣ መልሼ እመታዋለሁ። የኦላናን ይዩልኝ እስቲ!» የዚያ ቅጠል ጠርዝ በቀዳዳ ብዛት ወንፊት መስሏል። «በወር ሁለቴ ይረሳል። የልጆቹን ስም አለመርሳቱ ነው የሚገርመኝ።»

የእኔን አገኘችው። ጠርዙ ላይ አንዲት ሽቦ ብቻ ናት ያለችው፤ ዝገቷ ወረቀቱን ዙሪያውን ቡናማ አድርጎታል። ከእሷ ሌላ አንድም ቀዳዳ የለም። ሁለት ጊዜ አገላብጬ አየሁት። ስለ መታመን በሕይወቴ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙ ተከራክሬያለሁ። በጣት የሚዳሰስ ነገር ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ቢሆንም አፌ አላርፍ አለኝ። «ውባንቺ፣ አንድ ቀን እንኳ ልየው አላሰኘሽም?»

አልተቀየመችም። «እኔ እኮ ታይፒስት ነኝ ጋሼ። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የተቀጠርኩ ዕለት የክፍላችን ኃላፊ፣ ‹ዓይንሽ ፊደሉን ይከተል፣ ጉዳዩን ለባለጉዳዩ ተይለት› አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ሠራሁ። ሠራተኛ ሲቀነስ የራሴን የስንብት ደብዳቤ በራሴ ጣት ተይቤ፣ በማግስቱ ሲሰጡኝ ድንግጥ አልኩልዎ!»

«ስምሽ አልነበረበትም?»

«ከነአባቴ፣ ከነአያቴ! አንድ ስህተት የለውም እኮ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ የጣለውን አንድ የጽሕፈት መኪና ይዛ እዚሁ መንገድ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሦስት ልጆቿንም በእነዚያ ጣቶች እንዳሳደገች ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ሰባት ዓመት ስመላለስ እሷ ጉዳዬን አልጠየቀችኝም፤ እኔ ግን ሕይወቷን አለመጠየቄ አሳፈረኝ።

ሽቦዋን በጥፍሯ ነቀለች። ኮምፒውተሩ ላይ አስገባች፤ ወደ አሮጌው ስልክ የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ነገርኳት፤ የተሰረቀውን ስልክ ከዝርዝሩ አስወጥታ ዘጋችው። ወዲያው ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረች።

«በሉ አዲሱን ራስዎ ያውጡት። ለእኔም አይንገሩኝ። እስከዚያው ሱቁን ይጠብቁልኝ፣ ፋርማሲው ጋ ደርሼ ልምጣ።»

ፋርማሲው ጋ ጉዳይ አልነበራትም። በመስታወቱ በኩል ጀርባዋን ሰጥታኝ መንገድ ላይ ቆማ ትታየኝ ነበር።

ደብተሩ ተከፍቶ ፊቴ ቀርቷል። ከእኔ ቅጠል ቀጥሎ የተጻፈው ስም የሀይሚ ነው። ያቺ ስትዘባበትብኝ ያመሸች ልጅ፣ ትምህርት ቤት ሳለች ኢሜይሏን እዚሁ እንዳስከፈተች ጨርሶ ረስታዋለች! የእሷም ሽቦ አንድ ናት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምስጢር እጄ ሥር ነበር፤ የገዛ ልጄም። እጄን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ጉልበቴ ላይ አኖርኩት። ልጄም ከእኔ የምትሸሽገው ነገር እንደሚኖራት ያሰብኩት ያን ጊዜ ነበር። አዲሱን ይለፍ ቃል በአንድ ጣት፣ ቀስ ብዬ ጻፍኩ። ውባንቺ ስትመለስ አሮጌውን ቅጠል ቀድዳ ሰጠችኝ።

ማታ ሀይሚ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ሱቁ ተዘግቶ ደረስኩ» አለችኝ።

«ተስተካክሏል። ውባንቺ ጨርሳልኛለች።»

ነገሩ በዚሁ ሊያበቃ ይችል ነበር። ከእንግዲህ ማንም አያነበውም። ግን ማንም ሊወስድብኝ እንደማይችል ሳውቅ፣ ለመስጠት ድፍረት አገኘሁ።

«እናትሽ የታመመች ጊዜ አንድ ነገር ጽፌ ነበር» አልኳት። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ቃል ሳልለውጥ ነገርኳት።

ጫማዋን አወለቀች። አንዱን ካልሲ እጇ ላይ እንደያዘች ቀና አለች።

«አባዬ፣ ያኔ ትርፍ ሰዓት አለብኝ እያልኩ የማመሸው...»

«አዎ?»

«ሥራ ኖሮ አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ካፍቴሪያ ውስጥ ብቻዬን እቀመጥ ነበር።»

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እናቷ ካረፈች ወዲህ፣ ስለ እሷ እስኪደክመን ድረስ ያወራነው ያን ዕለት ነው።