ፎርማት ያስደረግኩት ሰፈር

ዛሬ ካዛንቺስን ለሁለተኛ ጊዜ አፈረስኳት። መጀመሪያ ያፈረሷት ባለማሽኖቹ ናቸው። የዛሬው ግን የእኔ ሥራ ነው፤ ያውም እግሬን አጣምሬ ሻይ እየጠጣሁ።

ቤታችን ከፈረሰ በኋላ እኔና ባለቤቴ ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተን ገባን። ልጃችን አሮጌ ላፕቶፑን ሰጠን። ላፕቶፑ እንደ ሰው ላፕቶፕ ዊንዶውስ የለውም፤ ሊኑክስ በሚባል ነገር ነው የሚሠራው፤ ሲከፈት ፔንግዊን ብቅ ይላል። እኔ የምወደው የኳስ ጨዋታ ደግሞ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። ልጄ አንድ ማስመሰያ ፕሮግራም ጫነልኝና ጨዋታው ዊንዶውስ ላይ ያለ እየመሰለው ይነሳል። ይነሳል እንጂ አይሮጥም። አጥቂዎቼ በጉልበት ከእኔ አይሻሉም፤ በረኛዬም የሚወረወረው ኳሷ መረብ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው።

ባለቤቴ ግን ከፔንግዊኑ ጋር ተስማማች። ከተማ የሚገነባበት ጨዋታ አገኘችና የፈረሰውን መንደራችንን ቤት በቤት መሥራት ጀመረች።

"መሐንዲሷ፣ ፈቃድ አውጥተሻል?" እላታለሁ።

"ዝም በል፣ የአንተን ሽንት ቤት ገና አልሠራሁም። ውጭ ትቀራለህ።"

ክረምቱን ሙሉ ሠራችው። ቦኖ ውሃውን፣ ጠባቧን መተላለፊያ፣ አጥር የምንጋራውን የወሎዬውን ልብስ ሰፊ ቤት። ያንን መንደር ፎቶ ያነሳው ሰው የለም። እኛ ፎቶ የምንነሳው ሰርግ ላይ ነው፤ ከኋላችን የሚታየው ድንኳን ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሩቅ ሄዷል። በደወለ ቁጥር "ቤቴ ጣሪያ ለበሰ?" ይላል። እሁድ ሊያየው ይመጣል።

ዛሬ ጠዋት እሷ ገበያ ስትወጣ ላፕቶፑን በብብቴ ይዤ ስታዲየም አካባቢ ወደሚገኝ ጥገና ቤት ሄድኩ። በእኛ ከተማ ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ባለሱቁ ሻይ አዘዘልኝ።

"ፋዘር፣ ዊንዶውስ ልጫንልዎት ካልኩ ፎርማት ይደረጋል፤ ያለው ሁሉ ይጠረጋል። ውስጡ የሚፈልጉት ነገር አለ?"

"የለም።"

"ማለቴ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይጠቀምበታል?"

"አባወራው እኔ ነኝ" አልኩት፣ ኮራ ብዬ።

መንደሩን ረስቼው አይደለም። እንደ ፌስቡክ ሰማይ ላይ የሆነ ቦታ የተቀመጠ መስሎኝ ነው። የማያውቀውን የማይጠይቅ ሽማግሌ ማየት የፈለገ እኔ ዘንድ ይምጣ።

ባለቤቴ ስትመለስ ሦስት ለባዶ እየመራሁ ነበር። በረኛዬ እንደ ድመት ይዘላል።

"ፔንግዊኔ የት ሄደ?" አለች።

ነገርኳት። ዘንቢሉን ሳታስቀምጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣዋን ለምጄዋለሁ። "መልሰው" ብቻ አለችኝ።

ስታዲየም ተመለስኩ። ባለሱቁ ፔንግዊኑን መለሰው፤ ጨዋታዋንም ጫነው። መንደሩን ግን ሊያገኘው አልቻለም። ቤት አምጥቼላት ስትከፍተው ባዶ አረንጓዴ ሜዳ ወጣ። ካዛንቺስ ሰው ሳይሰፍርባት በፊት እንዲህ ሳትሆን አትቀርም።

አመሻሽ ላይ መነጽሯን አደረገችና እንደገና ጀመረች። ቦኖው በቀላሉ መጣላት። መተላለፊያው ላይ ትንሽ ቆየች። ልብስ ሰፊው ቤት ስትደርስ እጇ ቆመ።

"በሩ በየት በኩል ነበር?"

"ወደ መንገዱ።"

"እሱ መስኮቱ አይደለም እንዴ? አንተ አይደለህ በየቀኑ እዚያ ደጅ የምትገተረው?"

እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያ በር ላይ ቆሜ ሰው ሳማ ኖሬአለሁ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማኛል፤ ሰውየው ክሩን በጥርሱ ሲበጥስ ይታየኛል፤ በሩ ግን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይመጣል። ክረምት ላይ ብትጠይቀኝ አውቀው ነበር መሰለኝ። እሷም ያኔ ታውቀው ነበር፤ ሠርታዋለቻ። ሠርታ ካስቀመጠችው በኋላ በጭንቅላቷ መያዙን ተወችው።

"ደውልና ጠይቀዋ" አለችኝ።

ደወልኩ።

"ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ" አለ ልብስ ሰፊው። "ቤቴስ?"

"ቀለም እየተቀባ ነው።"

"በሩን አረንጓዴ አድርጉልኝ። እዚህ ሁሉም በር አንድ ዓይነት ሆኖብኝ የሰው ቤት አንኳኳለሁ።"

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስለ እዚያ ሰፈር ብርድ ጠይቄው ዘጋሁት።

"በየት በኩል ነው አለህ?"

"አረንጓዴ ነው" አልኳት።

ባለቤቴ ሦስቱን ግድግዳ ሠርታ አራተኛውን ክፍት ተወችው። እሁድ ሰውየው ይመጣል። እኔ ደግሞ እስካሁን የአንድ በር ዕዳ አለብኝ።