ሁለት ገጽ ወደ ፊት

ውባንቺ ቀናተኛ አልነበረችም። ይህን የምለው ላሞግሳት አይደለም፤ የሚያውቋት ሁሉ የሚመሰክሩት ነው። ባሏ ሌላ ሴት ወዶ ከሮም ወደ ቦሎኛ ሲሄድ ሸሚዞቹን ተኩሳ፣ ሻንጣውን ራሷ ቆልፋ ነው የሸኘችው። ታናሽ እህቷ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ስትሠራም "እሰይ" ብላ የሳሎን መጋረጃ ልካለች። የእሷ የቅናት ድርሻ የት ጠፍቶ ይሆን ያሰኛል። የትም አልጠፋም። ተጠራቅሞ ሲጠብቃት ኖሮ፣ በኀምሳ አራት ዓመቷ በአንድ መጽሐፍ ሰበብ ሙሉው በአንዴ መጣባት።

መጽሐፉ የሲኞራ ሚሬላ ነው። ሲኞራ ሚሬላ ሮም፣ ማርኮኒ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ የሰማንያ አንድ ዓመት አይሁዳዊት ናቸው፤ ውባንቺ አብራቸው እያደረች ስትጦራቸው ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ፣ የፈረንጆቹ 2020 እንደገባ፣ ከልጅነት ጓደኛቸው ከሲኞራ ፍራንካ ጋር ተስማምተው ታልሙድን በቀን አንድ ገጽ ማንበብ ጀመሩ። ታልሙድ የጥንት የአይሁድ መምህራን ስለ ጸሎት፣ ስለ ጋብቻ፣ ሰው ስለ ወጋ በሬ ሳይቀር የተሟገቱበት መጽሐፍ ነው። አንድ ገጽ ሲሉ ፊትና ጀርባውን ነው። በዓለም ዙሪያ በዚህ ሥርዓት የሚያነብ ሁሉ በአንድ ቀን ያችኑ ገጽ ያነባል፤ ከዳር ለመድረስ ሰባት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ዕረፍት የለውም፤ ኮቪድ እንኳ አላቋረጠውም። ሁለቱ አሮጊቶች በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይደዋወሉና በዕለቱ ገጽ ይጨቃጨቃሉ።

በሁለተኛው ዓመት ግን የሲኞራ ዓይን ከመሀሉ መጨለም ጀመረ። ዳር ዳሩ ይታያቸዋል፤ ፊደል የለም። ያኔ የጣሊያንኛውን ትርጉም ውባንቺ ታነብላቸው ጀመር። የውባንቺ ጣሊያንኛ የገበያ፣ የአውቶቡስና የፋርማቺያ ጣሊያንኛ ነው፤ የመምህራኑን ሙግት ስታነብ በየመስመሩ ትደናቀፋለች። ስትቆም ሲኞራ ትንሽ ይጠብቁና የተያዘችበትን ቃል ይጨርሱላታል። የአንድ ሰዓቱ ንባብ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቢሆንም ያ ሰዓት የእሷ ነበር። ሽንት ቤት የምታጥብ ሴት መሆኗ ቀርቶ "ይኼ ፍርድማ ትክክል አይደለም ሲኞራ!" ብላ የምትሟገት ሰው ትሆናለች። ሲኞራም "ልክ እንዳንቺ ያለ መምህር አለ፤ ገና ታገኚዋለሽ" ይሏታል። በዚያ ቤት ውስጥ ከደመወዟም ከክፍሏም ይልቅ ውባንቺ የምትሳሳለት ያቺን ሰዓት ነበር።

ንባቡ ሲያበቃ ምልክቱን የሚያስቀምጡት ግን ራሳቸው ሲኞራ ናቸው። ምልክቱ የባላቸው የድሮ የአውቶቡስ ቢሌቶ፣ ማለትም ትኬት ነው፤ በጣታቸው ዳብሰው በነገው ገጽ ላይ ሻጥ ያደርጉታል፤ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። ምክንያት አላቸው። እናታቸው አእምሯቸውን ያጡት በትንሽ በትንሹ ነው፤ መጀመሪያ ቁልፋቸው ፍሪጅ ውስጥ ተገኘ፣ ቀጥሎ መነጽራቸው ድስት ውስጥ፣ በመጨረሻ የልጃቸው ስም ጠፋቸው። ሲኞራ በዓለም ላይ ከዚህ በላይ የሚፈሩት ነገር የለም። "ቢሌቶዬ በቦታዋ እስካለች ድረስ እኔም በቦታዬ ነኝ" ይላሉ።

ቤዛን ያመጣቻት ራሷ ውባንቺ ናት። ሐሙስና እሑድ የውባንቺ የዕረፍት ቀን ነው። ተተኪ ስትፈልግ፣ ለዕረፍት ቀኗ ቶር ፒኛታራ ሰፈር የተከራየችውን ቤት የምትጋራት ማክዳ "ልጄ ትምጣልሽ፤ የትምህርት ቤት ወጪዋን ትሸፍንበታለች" አለቻት። ቤዛ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ሮም ተወልዳ ሮም ያደገች ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ጣሊያንኛዋ እንደ ቧንቧ ውሃ ነው፤ ከፈቱት ይወርዳል። በእሷ ቀን ገጹ በሃምሳ ደቂቃ ያልቃል።

መጀመሪያ ውባንቺ ምንም አልመሰላትም። ቆይቶ ግን ሲኞራ ረቡዕ ረቡዕ ነጭ ሸሚዛቸውን ለነገ እንድትተኩስላቸው ሲያዙ አስተዋለች። ለእሷ ቀን ሸሚዝ ተተኩሶ አያውቅም። ከዚያ አንድ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የዓይን ጠብታውን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ፣ ሲኞራ በስልክ "ፍራንካ፣ ቤዛ ስታነብልኝ እኮ ዓይኔ የተመለሰልኝ ይመስለኛል" ሲሉ ሰማች።

በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከሁለት ዓመት በላይ፣ ያንን ዓይን በጣቷ ከፍታ ጠብታ የምትጨምርበት እሷ! የሚመለሰው ግን ለቤዛ! ውባንቺ ጠብታውን በጥድፊያ ጨመረች፤ ግማሹ በጉንጫቸው ወረደ።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። የእኛ ዓመት ከተለወጠ ሁለት ቀኑ ነው፤ የአይሁዶቹ ደግሞ ዓርብ ማታ ሊለወጥ ነው። ሲኞራ መኝታ ቤት ጫማቸውን እስኪያደርጉ ውባንቺ መጽሐፉን ከፈተች፤ ቢሌቶዋን ከሠላሳ ሁለተኛው ገጽ አወጣችና ሠላሳ አራተኛው ላይ ሻጠቻት። ሁለት ገጽ ወደ ፊት። ቤዛ የተሳሳተ ገጽ ታነባለች፤ እኩለ ቀን ላይ በሲኞራ ፍራንካ ፊት ይጋለጣል፤ "ይህች ልጅ ግዴለሽ ናት" ይባላል፤ አለቀ። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ካሉት ጓደኞቿ ጋር ምሳ ስትበላ እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። ብልጧ ሴት አንድ ነገር ብቻ ረስታለች፤ ምልክቱን የሚያስቀምጡት ቤዛ ሳትሆን ሲኞራ መሆናቸውን።

አመሻሽ ላይ ስትመለስ ቤዛ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ጠበቀቻት።

"እትዬ ውባንቺ፣ ሲኞራ ዛሬ ጥሩ አልነበሩም" አለች በሹክሹክታ። "ቢሌቶው ያለበትን አነበብኩላቸው። መሀል ላይ 'ትናንት ስለ እናትና አባት ክብር አልነበር እንዴ? ወዴት ሄደ?' አሉኝ። እኔ ምን አውቄ! ከዚያ ሲኞራ ፍራንካ ደውለው 'ይኼ የከነገ ወዲያ ገጽ ነው፣ ሚሬላ' አሏቸው። አሎራ፣ በቃ፣ እኔ ነኝ፣ ቢሌቶው ወድቆብኝ ነው አልኳቸው፤ ግን አላመኑኝም። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩም።"

"ወድቆብሽ ነበር?"

"አልወደቀም። ሲያሳዝኑኝ ዋሸኋቸው።"

ውባንቺ ደነገጠች። ድንጋጤው ሳይወጣላት ደግሞ ቅናቱ ቀደማት፤ ጭራሽ በደግነቱም በለጠችኝ ብላ።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ አንሥታ መጽሐፉን ልታመጣ ስትል ሲኞራ እጃቸውን አነሡ።

"ተዪው። በዓሉ ሳይገባ ለፍራንካ ደውዬ ሌላ ጓደኛ ፈልጊ እላታለሁ። እኔ በቃኝ።"

"ለምን ሲኞራ?"

"እናቴ በቁልፍ ጀመረች፤ እኔ በቢሌቶ።"

እውነቱን ልናገር፤ ውባንቺ ለአንድ አፍታ ደስ አላት። ገጹ ከቀረ የቤዛም ንባብ ይቀራል። ከእንግዲህ የሚመለስ ዓይን የለም፤ የሚተኮስ ነጭ ሸሚዝ የለም። አፏን ዘግታ ሳህን ብታጥብ የሚያውቅባት አልነበረም።

ሲኞራ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን መነጽራቸውን ይዳብሱ ነበር። ያገኙታል፣ እጃቸውን ያነሣሉ፣ ቆይተው ደግሞ ይዳብሳሉ። ያስቀመጡበት መኖሩን እያረጋገጡ ነው። ውባንቺ ይህን እያየች መቆም አቃታት።

"ሲኞራ፣ እኔ ነኝ" አለች። "ቢሌቶውን ያዛወርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ያስቀመጡት ልክ ነበር።"

"አንቺ? ለምን?"

"ቀንቼ ነው። በቤዛ ቀንቼ። ጠብታውን የምጨምረው እኔ፤ ዓይንዎ የሚመለሰው ለሷ።"

ሲኞራ መዳበሳቸውን ተዉ። "ረቡዕ ስለ እናትና አባት ነበር?"

"ነበር።"

"ሠላሳ ሁለት ላይ ነው ያስቀመጥኩት?"

"ሠላሳ ሁለት ላይ።"

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። አብሰው ሲጨርሱ ፊታቸው ተለወጠ። "ሌሊቱን ሙሉ የእናቴን ፊት ሳይ አደርኩ። ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ" አሏትና ስልካቸውን አንሥተው ድምፁን ከፍተው ለሲኞራ ፍራንካ ደወሉ።

ሲኞራ ፍራንካ የነገሩትን አያሳድሩም፤ የማርኮኒን አሮጊቶች ከሠራተኞች ጋር የሚያገናኙትም እሳቸው ናቸው። ውባንቺ ዐሥራ ሁለት ዓመት የገነባችው ስም በአንድ ስልክ ሊያልቅ ነው። በሲኞራ ሚሬላ አይፈረድባቸውም፤ አእምሯቸው ደህና መሆኑን ዓለም ሁሉ ቢሰማላቸው ይወዳሉ።

"ፍራንካ" አሉ ሲኞራ፣ "የትናንቱ የኔ ጥፋት ነው። ቢሌቶውን ስሻጥ እጄ ስቶ ነው።"

"ሚሬላዬ፣ ከበዓሉ በኋላ ሐኪም ዘንድ ብንሄድስ?" አሉ ሲኞራ ፍራንካ፣ ልጅ እንደሚያባብሉ።

ሲኞራ ከንፈራቸውን ነከሱ። "ቫ ቤኔ፣ እንሄዳለን" ብለው ዘጉት።

ውባንቺ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። "ለምን አልነገሯቸውም ሲኞራ?"

"ነግሬያት ሰኞ ከየትኛው ቤት ሥራ ልትለምኚ ነው? ቁጭ በይ። የሁለት ቀን ገጽ አለብን።"

ቁጭ አለችና ሠላሳ ሁለተኛውን ጀመረች። ገጹ በዕድሜ ለገፋ ሰው ከመቀመጫ ስለ መነሣት ይሟገታል። ከጥቂት መስመር በኋላ እንደ ልማዷ ተያዘች። "በ… ካ… ካኒ…"

"ካኒዚዬ" አሉ ሲኞራ። "ሽበት ማለት ነው።" ከዚያ እንዲህ አሏት፦ "ቤዛ ስታነብ ዓይኔ ይመለስልኛል፤ ይህ እውነት ነው፤ አልደብቅሽም። አንቺ ስትደናቀፊ ግን ቃሉን የምጨርሰው እኔ ነኝ። ጭንቅላቴ እንዳለ በየቀኑ የማውቀው በዚያ ነው። ትናንት የወሰድሽብኝ እሱን ነበር።"

ውባንቺ አንገቷን ደፋች። ማንበቧንም ቀጠለች።

ቤዛ እስካሁን ሐሙስና እሑድ ትመጣለች። ነጭ ሸሚዙም ይተኮሳል፤ ውባንቺ በተኮሰችው ቁጥር ውስጧ ቅጥል ይላል። ጣሊያንኛዋ ግን በየገጹ እየተሻሻለ ሄዷል፤ የሚያስቸግራት ቃል ጥቂት ነው። ቢሆንም በየጠዋቱ ሦስት አራት ጊዜ፣ አሳምራ በምታውቀው ቃል ላይ እንኳ፣ መሀሉ ላይ ትቆማለች። ሲኞራ ቀና ይሉና ይጨርሱላታል። ቤዛ ይህን አትችልበትም፤ ምስኪን፣ መደናቀፍ አታውቅም።