ፉርኖ ጠላ የጠጣችው ጽጌረዳ

በበዓል ቀን ከበጉ ቀጥሎ የሚታረደው አበባ ነው። በጉስ ቢያንስ በስመ አብ ይባልለታል። አበባውን ግን ሰው ሁሉ እየሳቀ ይገድለዋል፤ ገድሎም «ቤታችሁ እንዴት ያምራል!» ብሎ ይሄዳል። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ስጽፈው ደግሞ ደስ እያለኝ ነው፤ በአፌ ስናገር «አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ» የሚሉኝ ሁሉ ወረቀቱ ላይ መጥተው ሊያቋርጡኝ አይችሉማ!

ጽጌረዳዋ የእኔ አልነበረችም፤ አደራ ነበረች። የክርስትና እናቴ ጊዮርጊስ አካባቢ ግቢ ነበራቸው። ጣልያን ሰፈሩን ለራሱ ፈለገውና በቶሎ ልቀቁ ተባሉ። ሌላው ሰው ሳጥኑንና ፍራሹን ሲያሸክም፣ እሳቸው ከአጥራቸው ሥር አንዲት ጽጌረዳ ከነአፈሯ ነቀሉና በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ተክለው ልደታ እኛ ቤት ድረስ አቅፈዋት መጡ። 

«ማረፊያ እስካገኝ አንቺ ጋ ትቆይልኝ» አሉኝ። «ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና እሱ የተከላት ናት። ከዚያ ቤት የቀረችኝ እሷ ብቻ ነች።»

እማዬ አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ የሰጡት ግን ለእኔ ነው። 

ደጅ እንዳላስቀምጣት የጎረቤት ፍየሎች ይበሏታል። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው መስኮታችን ላይ አደረግኳት። ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግኩ፣ ውሃዋን ትንሽ ትንሽ እያጠጣሁ፣ ክረምቱንም በጋውንም አሳለፍን። ፋሲካ ሲቃረብ አንድ ቀይ እምቡጥ ያዘች።

ያን ዓመት ገብስ ጠፍቶ ነበር። እማዬ ደግሞ ጠላ የሌለበት ፋሲካ አይሆንላትም። አሰበች፣ አሰበችና በፉርኖ ዱቄት ጠመቀችው። ቀምሼዋለሁ። የከረመ የሊጥ ውሃ ይመስላል። እማዬ ግን «ዘንድሮስ አምሮልኛል» እያለች ጋኑን ታቅፈው ነበር።

ሰዓት እላፊ ስላለ ጎረቤቱ የተሰበሰበው በጠራራ ፀሐይ ነው። ቤቱ ሞላ፤ የንስሐ አባታችን ቄሱም መጡ። ከበሮ ሲመታ አንዱ «መስኮቱን ዝጉት፣ የጣልያን ፖሊስ፣ ካራቢኔሪው፣ ሰምቶ ይመጣብናል» አለ። መስኮቱ እንዲዘጋ ጽጌረዳዬ ወረደች። እማዬ ከመደቡ ሥር፣ ልክ ከእንግዶቹ እግር አጠገብ አስቀመጠቻት።

«እማዬ፣ እዚያ ይረግጧታል!»

«አበባ ነው እንጂ ሕፃን አይደለም። በይ እንጀራ አቅርቢ።»

እንጀራ አቀረብኩ። ወጥ አወጣሁ። እጅ አስታጠብኩ። ተመልሼ ሳይ እምቡጧ የለችም! ዞር ስል አንዲት ጎረቤታችን ጸጉራቸው ውስጥ ሰክተዋታል።

«እትዬ፣ እሷ እኮ የሰው አደራ ናት!»

«ውይ የኔ ቆንጆ፣ አበባ ካልተቀጠፈ ታዲያ ምን ሊሠራ ይበቅላል?» አሉና ለሚቀጥለው ዘፈን ተነሡ።

ሳይመሽ ሰው ሲበተን ከቆርቆሮው ውስጥ የዶሮ አጥንት አወጣሁ። የዶሮ አጥንት! ውሻ ያለበት ግቢ ውስጥ!

የባሰው ግን በኋላ መጣ። የታች ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ። ከዚያ መርገፍ ጀመሩ። ጠምቷት ይሆናል ብዬ ውሃ ጨመርኩ፤ ይብሱን ጠወለገች። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር እንደ ሻሽ ተዘረጋ። ጎንበስ ብዬ ሳሸተው፣ ጠላ! የእማዬ የፉርኖ ጠላ!

ከመደቡ ጫፍ፣ ከጽጌረዳዋ በላይ ተቀምጠው የነበሩት አናጢው ጎረቤታችን ናቸው። ቤታቸው ሄድኩ። እንጨት እየላጉ ነበር።

«ጋሼ፣ የኔ ጽጌረዳ ላይ ጠላ ደፍተዋል?»

መላጊያውን አቆሙ። «አንድ ዋንጫ ብቻ ነው» አሉ።

«ለምን?»

«እናትሽ በሞቴ ስትለኝ ምን ላድርግ? እምቢ ብዬ እሷን ልግደላት፣ ወይስ ጠጥቼው እኔ ልሙት?»

«ታዲያ ጽጌረዳዋ ትሙት?»

«እኔን ብቻ ምን ታፈጪብኛለሽ! ተራ ጠብቄ እኮ ነው የደፋሁት። አበባዋን ጸጉሯ ላይ የሰካችው ሴትዮ ደጋግማ ስትደፋ አይቻታለሁ። ቄሱም ቢሆኑ…» ብለው መላጊያውን መልሰው አነሡ። «ቄሱን ተዪያቸው።»

እንግዲህ እኛ ቤት እንግዳ እንዲህ ነው። ዋንጫው ሞልቶ ከታየ እማዬ «ናቅከኝ?» ትላለች። ጎደል ካለ ትሞላዋለች። ሰዎቹ በደፉ ቁጥር «ይሄ ጠላ እንዴት ተወደደልኝ!» እያለች ትቀዳለች፤ እሷ በቀዳች ቁጥር እነሱ ይደፋሉ። ለእማዬ አንድ ቃል መናገር የፈሩ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ፍርዳቸውን የነገሩት ለጽጌረዳዬ ነው። ስንት የሚያህሉ ሰዎች! ጣልያንን በየጓዳቸው ሲሰድቡ የሚውሉ ሰዎች! አንዲት ሴት «ጠላሽ አልጣመኝም» ለማለት አቃታቸው።

ለእማዬ ነገርኳት። በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ጠላዬን ደፉት?»

«እማዬ፣ ጽጌረዳዋ እኮ እየሞተች ነው!»

«ጠላዬን! ሁሉም? ቄሱም?»

ስለ ጽጌረዳዋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሰንብታም «ሁሉም?» እያለች ለብቻዋ ስታወራ እሰማት ነበር።

እኔ ግን የምቀመጥበት ጊዜ አልነበረኝም፤ የክርስትና እናቴ ተክለ ሃይማኖት ቤት አገኙና ለግንቦት ልደታ መጥተው ጽጌረዳቸውን እንደሚወስዱ ላኩብኝ። ቆርቆሮውን ገለበጥኩት። ከሥሩ በምስማር የበሳኋቸው ቀዳዳዎች በጨርቅ ተደፍነዋል! ለበዓሉ የተለቀለቀው ወለል እንዳይረጥብ ብላ የደፈነቻቸው እማዬ ነች። አሁንማ ማንን ልጩህበት? ጨርቁን ነቅዬ ደጅ ወረወርኩት።

ሥሮቿን በንጹሕ ውሃ ደጋግሜ አጠብኳቸው። የጠቆሩትንና እጅ ላይ የሚሟሙትን ቆረጥኩ። ሰንጋ ተራ፣ ከብት ከሚሸጥበት ዳር፣ የከረመ ደረቅ ፍግ ለቅሜ መጣሁ፤ እርጥቡ እንደሚያቃጥል ዱባ ላይ አይቼዋለሁ። ከአሸዋና ከቀይ አፈር ጋር ለውሼ መልሼ ተከልኳት። ከዚያ ቢላዋ አነሣሁና ቅርንጫፎቿን እስከ ታች ከረከምኳቸው።

«ገደልሻት!» አለች እማዬ።

«እኔ? እኔ ነኝ የገደልኳት?» አልኳት። አለቀስኩ።

ከዚያ ጉቶ ብቻ ሆነች። ጠዋት ጠዋት አያታለሁ፣ ምንም የለም። ሰው ሲመጣ በነጠላዬ እሸፍናታለሁ። የግንቦት ልደታ ጥቂት ሲቀረው፣ ከጉቶዋ ጎን የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነገር ብቅ አለች። እባጭ ይሁን ቡቃያ እስኪለይ ድረስ አልተነፈስኩም። ቡቃያ ነበረች!

በልደታ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ንፍሮውን ይዞ ዛፉ ሥር ወጣ። እኔ ቆርቆሮዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ቤት ቀረሁ። የክርስትና እናቴ ገቡ። ያን ለምለም ቁጥቋጦ ነበር የሚያስቡት፤ ጭኔ ላይ ያዩት ጉቶ ነው። ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ቅርፊቷን ጫር አደረጉ። ውስጡ አረንጓዴ ነበር።

«ማን ነው የቆረጣት?»

«እኔ ነኝ።»

«ትንሽ ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ነበር» አሉ።

ዝቅ አድርጎ! ያን ሁሉ ለፍቼ! የፋሲካውን፣ የአጥንቱን፣ የጨርቁን፣ የቄሱን ነገር ሁሉ ባንድ ትንፋሽ አወረድኩባቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝና «በይ ተነሺ፣ አንቺው ተሸክመሽ አንቺው ትከያት። እኔ እንዲህ አልለፋላትም» አሉኝ።

ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሰው እንዳይገፋኝ ግንብ ግንቡን ይዤ ሄድኩ። ግቢያቸው ጠባብ ነው፤ ከቤቱ ጎን ግን ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ አለ። ጉድጓዱን ቆፈርኩ፣ አስገባኋት፣ አፈሯን በእጄ ጠቀጠቅኩ። እጄን ሳልታጠብ ጠየቅኳቸው።

«እናቴ፣ እዚህ ማኅበር ይጠጣሉ?»

«እንዴታ! የፊታችን ሚካኤል የኔ ተራ ነው።»

መዶሻና እሾህ ፍለጋ ወጣሁ። እስኪመሽብኝ አጥር ሳጥርላት ዋልኩ፤ ከጉልበቴ በላይ የሆነ፣ እጅ የማያሾልክ፣ ዋንጫማ ጨርሶ የማያሾልክ አጥር። ክንዴ ሁሉ ተቧጥጦ ደም በደም ሆኗል። የክርስትና እናቴ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ያዩኝና፣ «ኧረ ልጄ፣ እንግዶቼ ምን ይሉኛል?» ይላሉ።

«ያሉትን ይበሉ!» አልኩና ሌላ እሾህ ጨመርኩ።