እትዬ ለምን እና የምታፈሰው መኪና

ሰፈሩ ልብስ ሰፊዋን «እትዬ ለምን» ብሎ የሚጠራት ያለ ነገር አይደለም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው እንኳ፣ መጀመሪያውኑ ለምን ረጅም እንደገዛ ሳይናገር ከቤቷ አይወጣም። ያልገባት ነገር ካለ እንቅልፍ የላትም። ዕድሏ ሆኖ ደግሞ ባሏ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ሰው ነው።

ባልየው ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነበር። ዓይኑ ደክሞ ብርሃንና ጥላ ብቻ መለየት ሲጀምር መሪውን ለሷ ለቀቀ። እሷም በስተርጅና መንጃ ፈቃድ አወጣች። አሮጌዋን አገር አቋራጭ መኪና እየነዳች ገበያ ትሄዳለች፣ ጨርቅ ታመጣለች። ከከተማ ግን መሪ ይዛ ወጥታ አታውቅም።

አሁን መውጣት ግድ ሆነ። አንድያ ልጃቸው ከተራራው ማዶ የበኩሯን ወልዳ፣ «መቼ ነው የምትመጡት?» እያለች በየቀኑ ትደውላለች። እትዬ ለምን የልጅ ልጇን ለማየት አንጀቷ ተንሰፍስፏል። ባልየው ግን «መኪናዋ ታፈሳለች» ብሎ ድርቅ አለ። ማፍሰሷስ እውነት ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከፊት መስታወቱ የቀኝ ጥግ ውሃ ይወርድና በቀጥታ እሱ ጉልበት ላይ ያርፋል።

«ያን ሁሉ መንገድ እየበሰበስኩ ልሂድ? መጀመሪያ ይደፈን» አለ።

ይደፈን ካለማ ይደፈን ብላ መስታወት ገጣሚ አስመጣች። ገጣሚው መስታወቱን አወጣ፤ የደረቀውን ላስቲክ ጥሎ አዲስ አለበሰው። ከዚያ በላስቲኩ ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ሲባጎ ቀብሮ መስታወቱን ከውጭ ደገፈው።

«እትዬ፣ እርስዎ ከውስጥ ሆነው ሲባጎውን ቀስ እያሉ ይሳቡ። እኔ ከውጭ እጫናለሁ።»

«ለምን ቀስ?»

«ከቸኮሉ ላስቲኩ ይቀደዳላ።»

ስትስበው የላስቲኩ ከንፈር እንደ ኮሌታ እየተገለበጠ በብረቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ፣ ቁጭ አለ። ደስ ሲላት ለጉድ ነው። «አውጥተን እንደገና እንግጠመው?» ብትለው ሰውየው በሳቅ ፈረሰ። ማሸጊያ ሲሊኮን ቀባ፣ ውሃ ደፉበት፣ አንዲት ጠብታ አልገባችም።

በማግስቱ ዘነበ። ባልየው እየዳበሰ ሄዶ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠና ጉልበቱን ነካ ነካ አድርጎ፣ «ይኸው፣ ታፈሳለች» አለ።

ገጣሚው ተመልሶ መጣ። ውሃ ቢደፋበት ደረቅ ነው። ቢሆንም ሲሊኮን ደረበበትና ሄደ። ዝናብ ሲመጣ አሁንም አፈሰሰች። ሌላ ሴት ብትሆን ገጣሚውን እርግማን ታወርድበት ነበር፤ እሷን ግን ነገሩ ይጥማት ጀመር። ውሃ ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፤ ገጣሚው ሲመጣ የሚደበቀው፣ ሲሄድ ብቅ የሚለው ለምንድን ነው? መርፌ እየያዘች ታስበዋለች፣ ወጥ እያማሰለች ታስበዋለች።

አንድ ቀን ዝናቡ እንዳባራ ማንንም ሳታማክር ወጣች። የልብስ ጠመኔዋን ፈጭታ ከውስጥ በኩል በላስቲኩ ጠርዝ ላይ ነሰነሰች። ከዚያ በማንቆርቆሪያ ከታች ጀምራ ወደ ላይ እያለች ውሃ አፈሰሰች። ከላይ ከተጀመረ ሁሉም ይርስና መግቢያው አይታወቅማ። ታቹ ደረቅ፣ ጎኑ ደረቅ። ከላይ ወደ ቀኙ ጥግ ስትደርስ በጠመኔው ላይ ቀጭን የውሃ መስመር ወረደ። ላስቲኩን በጥፍሯ ፈልቀቅ ስታደርገው ብጣሽ ጨርቅ ተወትፎበታል። እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ከውጭ እየጠጣ ወደ ውስጥ ያንጠባጥባል።

መዝዛ አወጣችው። ሰማያዊ ነው፣ ነጭ ሰረዝ ያለው። በዚያው ሰሞን የባሏን የሌሊት ልብስ ስታሳጥር የቆረጠችው ቅሪት ነው። እንግዲህ ሰው በዓለም ካለው ጨርቅ ሁሉ ልብስ ሰፊ ሚስቱ በገዛ እጇ የቆረጠችውን ይወትፋል? ዓይኑ ቢያይ ኖሮ ሌላ ቀለም በመረጠ ነበር።

መጀመሪያ ደሟ ፈላ። ልጇ ስልኩ ላይ የምትለው ትዝ አላት። ገብታ ብጣሹን መዳፉ ላይ አኖረችለት። በአውራ ጣቱ ስፌቱን ዳሰሰ። አልካደም።

«ለምን?» አለችው።

ብጣሹን በጣቱ ጠቀለለው። እሷም፣ ብርቅ ነው፣ ሌላ ጥያቄ ሳትጨምር ጠበቀችው።

«ያን የተራራ ቁልቁለት ሌላ ሰው እየነዳ ወርጄው አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «አጠገብሽ እንደ ጆንያ ተቀምጬ ምን ልፈይድልሽ ነው? ብትደነግጪ መሪውን አልይዝልሽ፣ ገደሉን አይቼ አልነግርሽ። ፈራሁ። ደመና በመጣ ቁጥር ወተፍኩት፣ ገጣሚው ሲመጣ አወጣሁት። ይኸው ተናገርኩ።»

ቁጣዋ ወዴት ሄደ ሳይባል ጠፋ። አዘነችለት። ግን ከሐሳቧ አልተመለሰችም።

«እኔም ነድቼው አላውቅም። እኔም ፈርቻለሁ። የልጅ ልጄን ግን አያለሁ። ካልመጣህ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

እየዳበሰ ተነስቶ ወደ መኪናዋ ሄደ። ከዚያ ከገጣሚው የተረፈውን ሲሊኮን እንድታቀብለው እጁን ዘረጋ። እሷ ጥጉን ሞላች፣ እሱ በጣቱ አለሰለሰው። እስኪደርቅ አድረው በማግስቱ ተነሱ።

ተራራው አናት ላይ ሲደርሱ ዝናቡ ወረደባቸው። ጉልበቱን ዳበሰ፤ ደረቅ ነው። ከመስታወቱ ማዶ የሚያየው ግራጫ ብርሃን ብቻ ቢሆንም መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ያለው ድልድይ ከሥራቸው ሲንኳኳ ሰማና «አሁን ወደ ግራ ይጠመዘዛል፣ ማርሽ...» ብሎ ሳይጨርስ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብታለች፤ ልክ እሱ በሚያስገባበት ቦታ።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሆን ብሎ አፉን ዘጋ። አሁንም በቦታው አስገባች። ሦስተኛው ላይም እንዲሁ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አላት። «መንጃ ፈቃድ የሚያስተምሩት ይህን መንገድ አያውቁትም።»

«አንተ።»

«እኔ አንድ ቀን አስተምሬሽ አላውቅም።»

ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። «ያን ሁሉ ዘመን እዚያ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ሆኜ ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለህ?»