ለሩዝ ያነሳሁት እጅ

ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚህ ሰፈራችን ካርቲየ 4 ድምፅ ማጉያ የጫነች ፒክአፕ በጭቃው መሃል እየተንፏቀቀች መጣች። ለጎርፍ ተጎጂዎች የተመደበው ገንዘብ ምን ላይ ይዋል የሚለውን ነዋሪው ሐሙስ ተሰብስቦ እንዲወስን ለፈፈች። «አሁን ገና እንደ ሰው ቆጠሩን!» አለች ጎረቤቴ። እኔ ግን ቀኝ እጄን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ይህች እጅ ታሪክ አላት።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግሬ መጥቼ ዋራበሌ በሚባል ሌላ ሰፈር ውስጥ የአገራችን የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚመገቡበት ቤት ሳህን አጥብ ነበር። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ሳምቡሳ የምታመጣልን ኤዶ ሃዋ ነበረች። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። አንቱ አልላትም፤ የድሬ ልጅ ነኛ! ለእኔ ሁልጊዜ የተሰበረውን ሳምቡሳ ለይታ ታስቀምጥልኛለች።

ቤቷ ደረቁ ወንዝ አፋፍ ላይ ካሉት አራት የቆርቆሮ ቤቶች አንዱ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ፍየል የሚተኛበት ወንዝ፣ ሙቀቱ በረድ ባለበት ወቅት አንድ ቀን ዝናብ ጣለና የጓሮ አጥሯን ጠርጎ ወሰደው። መንገዱም ተዘጋ፤ መኪኖቹ ቆሙ፤ ምግብ ቤቱ ሥራ አቆመ። እኔ በሻይና በደረቅ ዳቦ ሰነበትኩ።

ከማዘጋጃ ቤት አንድ ትሁት ሰው መጥቶ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰበሰበን። «እርዳታው ለሁለቱም አይበቃም» አለ። «ወይ ለየቤቱ ሩዝና ዘይት፣ ወይ ወንዙ ዳር ግንብ። እዚህ የሚኖር ሁሉ እጁን ያውጣ።»

ኤዶ ሃዋ ተነሳች። «ሩዙን ትበሉታላችሁ፣ ያልቃል። ወንዙ ግን ተመልሶ ይመጣል።»

ለግንቡ እጅ ያወጡት የአራቱ ቤት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ለሩዙ ሲባል ግቢው በሙሉ እጅ ሆነ። እኔም አወጣሁ፤ ያውም ከጎኗ ቆሜ። ዞር ብላ አየችኝ። አፈርኩ፤ ግን አላወረድኩትም።

ሩዙ የታደለ ቀን ወረፋዬ ሲደርስ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው «ካርድ?» አለኝ። የነዋሪነት ካርድ አልነበረኝም።

«እጄን ሳወጣ ማን ካርድ ጠየቀኝ?»

«ያ ስብሰባ ነው፣ ይሄ እደላ ነው» አለኝ፤ ቀጥሎም ከኋላዬ ያለችውን ጠራ።

ባዶ ፌስታሌን ይዤ ተመለስኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ኤዶ ሃዋ የድርሻዋን ግማሽ ይዛልኝ መጣች።

«ኤዶ፣ እኔ እኮ ያን ቀን...»

«አይቼሻለሁ። ርቦሽ ነበር» አለችና ሩዙን ደጄ ላይ አስቀምጣ ሄደች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ብዬ ለመቀለድ ሞከርኩ፤ ራሴንም አላሳቀኝም። ሩዙን ቀቅዬ እያለቀስኩ በላሁት።

በዓመቱ ወንዙ እንዳለችው ተመልሶ መጣ። ሰው አልሞተም፤ አራቱ ቤቶች ግን ሄዱ። ኤዶ ሃዋ የተረፋትን ዕቃ ጭና ወደ ዘመዶቿ አገር ስትሄድ ከመኪናው ላይ እጇን አውለበለበችልኝ። የእኔን ማንሳት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ዛሬ ካርድ አለኝ። ግን ዛሬ እዚህ ሰፈር ውስጥ ዝቅ ብሎ ያለው የእኔ ቤት ነው፤ ያለፈው ሳምንት ውኃ ግድግዳዬ ላይ እስከ ወገቤ ድረስ መስመሩን ትቷል። ሐሙስ ተነስቼ ገንዘቡ ለውኃ መውረጃ ቦይ ይዋል ብዬ እናገራለሁ። ከጎኔ የምትቆም አንዲት ልጅ ርቧት እጇን ለሩዝ ብታወጣስ? ልቆጣት አልችልም። ግን እፈራለሁ።