ከማል ሳይመለስ የቀረበት ጉዞ

ማለዳ፣ ጅማ

ጎህ ሲቀድ ከቦሳ አዲስ ሰፈር በባጃጅ ጅማ መርካቶ ወረድኩ። ከማል ትኩስ ሳምቡሳ በጋዜጣ አስጠቅልሎ ይጠብቀኛል። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዬ ነው፤ የጅማ ልጅ። የጠዋቱ የእንግሊዝኛ ውይይት ላይ ላብ ያጠምቀዋል፤ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ግን ሌላ ሰው ነው።

የምንሄደው ከሊሙ ገነት ወዲያ ወዳለች ትንሽ የቡና ከተማ ነው። እንደ ከማል ያሉ ሬዚደንቶቻችን እዚያ ሆስፒታል እየተመደቡ እንዲሠሩና እንዲመራመሩ አስበናል፤ የእኔ ሥራ ሆስፒታሉን ማስማማት ነው።

መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ጢም ብሏል። እግሬ ሥር የሰው ዶሮ ትንጫጫለች። ግራ ቀኙ ትልልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ቡና፤ በየግቢው ማድረቂያ አልጋ ላይ ቀይ እሸት ቡና ተሰጥቷል። ሹፌሩ ሐኪሞች መሆናችንን ሲሰማ ስለ ጨጓራው ጀመረ።

"ጫቱን ቀንስ" አለው ከማል በኦሮምኛ።

"ሌላ መድኃኒት የለም?"

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሊሙ ገነት ወርደን ፉል በላንና መኪና ቀየርን።

ረፋድ፣ ሆስፒታሉ

የተቀበለችን ዶክተር ሀዊ ናት፤ ጠቅላላ ሐኪም፣ ለአዋቂዎቹ ክፍል ብቸኛዋ። ሻይ አስመጣችልን፤ ከዚያ ረጋ ብላ፣

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፤ በፊት የመጡት ተመራማሪዎች የበሽተኞቻችንን ካርድ ገልብጠው ሄዱ። ያገኙትን አልነገሩንም። ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች የምንልካቸው በሽተኞችም እንደዚያው ናቸው፤ ይዳኑ ይሙቱ አናውቅም" አለች።

"እስቲ በሽተኞቹን አብረን እንይ" አልኳት።

አዴ ዘይነባ የሚባሉ እናት ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። እግራቸው አብጧል፤ ጋደም ካሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የልብ ድካም መድኃኒት ቢወስዱም አልተሻላቸውም። ከማል ወንበር ስቦ በኦሮምኛ ጨዋታ ጀመረ፤ የልጆቻቸውን ስም ሳይቀር ጠየቀ። ደረታቸውን አዳመጠ፣ አንገታቸውን አየ፣ ደግሞ አዳመጠ።

"የልባቸው ድምፅ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። አልትራሳውንድ አለ?"

"የእናቶች ክፍል ያለው ብቻ" አለች ሀዊ።

እሱኑ አስመጣን። ስክሪኑ ላይ ልባቸው በውሃ ተከቦ ታየ። ያ ውሃ ልብን ጨምቆ ሰው ይገድላል።

"ይሄን ማንም አላስተማረኝም" አለች ሀዊ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"እኔም የተማርኩት አምና ነው" አለ ከማል፣ መሣሪያውን እያቀበላት። "አሁን ደግሞ አንቺ ፈልጊው።"

ፈልጋ አገኘችው።

አዴ ዘይነባን ወደ ጅማ የሚወስደው አምቡላንስ እስኪዘጋጅ ሀዊ ወደ እኔ መጣች። "ሬዚደንቶቹ ይምጡ። ግን ያስተምሩን። ጥናቱም የእኛ ጥያቄ ይሁን፤ የላክናቸው ሰዎች ምን ይሆናሉ?"

እኔ ይዤ የመጣሁት ርዕስ ስለ ደም ግፊት ነበር፤ ስደክምበት ከርሜያለሁ። ትንሽ ቆጨኝ። "ይሁን፣ አንቺም አብረሽን ትሠሪያለሽ" አልኳት።

ከሰዓት፣ ወደ ጅማ

ከማል በአምቡላንሱ መስኮት አጎንብሶ፣ "ሀዊ በአልትራሳውንዱ እጇን እስክታፍታታ እስከ ሰኞ ልቆይ?" አለኝ። ፈቀድኩለት። መንገዱን ሙሉ አዴ ዘይነባ እጄን ጨብጠው ዱዓ ሲያደርጉ፣ እኔ ትንፋሻቸውን ሳዳምጥ ጅማ ገባን። የልባቸው ውሃ የዚያኑ ዕለት በመርፌ ተቀዳላቸው።

በማግስቱ ተማሪዎቼን አስከትዬ አዴ ዘይነባ የተኙበት ክፍል ስገባ ያለ ትራስ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አንዱ ሬዚደንት ታሪካቸውን በእንግሊዝኛ ሊያቀርብ ጉሮሮውን ጠረገ። በእጄ ዝም አሰኘሁትና ኮቴያችንን አጥፍተን ወጣን።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ የላከቻቸው አዴ ዘይነባ እንዴት እንዳደሩ ልነግራት ለሀዊ ደወልኩላት።