ድንጋይ የተሳለሙት ሽማግሌ

ለንስሐ አባቴ ቅናቴን፣ ምላሴን፣ ጾም መሻሬን ሳይቀር ተናዝዣለሁ። ይህን ግን ለሳቸውም ለባሌም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆናል። ፈሪ ነኛ!

ወረርሽኙ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን መሃል ከተማ አንድ ሙዚየም ውስጥ ጽዳት እሠራ ነበር። መካከለኛው አሜሪካ ውስጥ ድንበር ላይ ካለች ትንሽ ከተማ፣ የጥንት የማያ ሰዎች የቀረጹት የንጉሥ ሐውልት በውሰት መጣ። ቁመቱ የሰው ያህል ነው፤ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል። ያ እጅ የከተማዋ ምልክት ነው፤ ተማሪዎቿ ሳይቀሩ ዩኒፎርማቸው ላይ ያደርጉታል። ዋና ከተማ ያሉት ባለሥልጣናት ሐውልቱን ሊወስዱባቸው ሲፈልጉ ኖረው፣ በሰላም ከተመለሰ እዚያው አደባባያቸው ላይ እንዲቆይ ተስማምተው ነበር።

ይህን ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የነገሩኝ አብረውት የመጡት ጠባቂ፣ ዶን ማቴዎ ናቸው። እኔ በልቤ ጋሼ ማቴዎ እላቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት በሩ ሳይከፈት ይመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ግንባራቸውን የንጉሡ እጅ ላይ ያሳርፋሉ። ያልገባኝ እንዳይመስላችሁ። እኔስ እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን በር የምሳለመው እንዴት ነው?

አንድ ጠዋት የወለል ማሽኑን ስጎትት ገመዱ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። እጀታው ሄዶ ከሐውልቱ እጅ ጋር ተጋጨ፤ የአንዱ ጣት ጫፍ ተሸርፎ ወደቀ። አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። ወዲያው ጋሼ ማቴዎ መጡ፣ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ተሳለሙና ወጡ።

አለቃችን ጉዳቱን ሲያይ ሁላችንንም ጠራን። ካሜራው የሚያየው ከሐውልቱ ጀርባ ስለነበር ነገሩ በእኔ ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

"ምን አየሽ?" አለኝ።

"እሳቸው ግንባራቸውን እጁ ላይ ሲያደርጉ አይቻለሁ።"

አንድም ቃል አልዋሸሁም። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው፤ ያየሁትን ተናግሬ ያደረግሁትን ደበቅሁ። ፒአር፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ፣ እየጠበቅሁ ነበር፤ ፈራሁ። እና ምን ይሁን? እሳቸውስ የሚጠብቃቸው ከተማ አልነበረም?

ጋሼ ማቴዎ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ዳበሱ።

"በእርግጥ አይተሽኛል፣ ልጄ?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

"እንግዲያው እኔ ነኝ" አሉ።

ሐውልቱ ወደ ከተማቸው አልተመለሰም። የገዛ ጠባቂያቸው ሰበረው ተብሎ ዋና ከተማ ቀረ። ከዓመት በኋላ የከተማዋን ስም ስልኬ ላይ ፈልጌ አደባባዩን አየሁት፤ ባዶ መቆሚያ፣ አጠገቡ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች።

የጣቱ ጫፍ ዛሬም ዌስት ፉትስክሬይ ቤቴ፣ መርፌና ክር የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ስንት ጊዜ ልመልሰው ተነስቼ ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ! የቤተ ክርስቲያኑን በር መሳለም ከተውኩ ቆየሁ። አብረውኝ የሚያስቀድሱት እትዬ አስካለ "ጴንጤ ሆንሽ እንዴ?" ይሉኛል፤ እስቃለሁ። ግንባሬን ላስጠጋ ባልኩ ቁጥር እንደኔ ያለች ሴት ከኋላዬ ቆማ የምታየኝ ይመስለኛል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ሥራዬም አልቀረብኝ፣ ፒአሬንም አገኘሁ። እሳቸው ግን በሕይወት ካሉ፣ በዚያ ግንባራቸው የሕዝባቸውን ንጉሥ እንደሰበሩ አምነው ነው የሚኖሩት።

ጋሼ ማቴዎ፣ እርስዎ አልሰበሩትም። እኔ ነኝ።